የእናት ጉልበትና የልጅ ቁመት፦ የምግብ ጥናት ለእርዳታና ለሠፈራ ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

(በየካ ክፍለ ከተማ ለሥራ ኀላፊዎችና ለእርዳታ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)




እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች የደረሱበትን ውጤት ለመሥሪያ ቤቶችና ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ ማድረስ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማቀርብላችሁ አዲስ ግኝት ሳይሆን፣ ባለፉት ስድሳ ዓመታት በእናቶች፣ በሕፃናትና በጉርምስና ዕድሜ በሚገኙ ልጆች ላይ የተካሄደው የምግብ ጥናት ለእርዳታና ለሠፈራ ሥራ የሚሰጠውን ትምህርት ነው። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ በድርቅ ጊዜ የምናከፋፍለውን እህል በኩንታል እንቆጥራለን፤ ረኃብ የሚያደርሰው ጉዳት ግን የሚነበበው ከሰው አካል ላይ ነው። ኩንታሉ ተቆጥሮ የእናቲቱ ክንድ፣ የሕፃኑ ቁመትና የልጃገረዲቱ ደም ካልተለካ ሥራው ተፈጽሟል ማለት አይቻልም።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የተሰበሰብንበት የየካ አካባቢ በእንጦጦ ተራራ ሥር ይገኛል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ተራራውን ከሸፈነው ጀምሮ ለከተማይቱ ማገዶ በጀርባቸው ሲያቀርቡ የኖሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይና ከኮተቤ ወዲያ ባለው ዳገት ጎንበስ ብለው ሲወርዱ ያላየ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በእነዚሁ ሴቶች ኑሮ ላይ ያስጠናው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ የአንዲት ሴት ሸክም በአማካይ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ሲሆን፣ ከተሸካሚዎቹ መካከል ብዙዎቹ ኑሮ አስቸግሯቸው ከገጠር የመጡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አንዳንዶቹ ተደራጅተው ወደ ሽመና ሥራ ተሸጋግረዋል፤ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተመረቀ በኋላም የተራራው አጠቃቀም ተለውጧል። ይሁን እንጂ የጥናቱ ትምህርት አላረጀም።

ትምህርቱ ምንድን ነው? እንጦጦ ላይ ዝናብ አልጠፋም፤ ገበያም ቅርብ ነው። ነገር ግን ረኃብ የሚመጣው ዝናብ ሲቀር ብቻ አይደለም፤ አካል የሚያወጣው ጉልበት ከሚያገኘው ምግብ ሲበልጥም ነው። ሸክም ይዞ ቁልቁለት መውረድ በዕረፍት ላይ ከሚወጣው ጉልበት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት ይፈጃል። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባወጡት መመዘኛ መሠረት፣ አንዲት ነፍሰ ጡር በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በየቀኑ ወደ 475 ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል፤ ስታጠባም ከ500 የሚበልጥ ያስፈልጋታል። እርጉዝ ሆና እንጨት የምትሸከም ሴት እንግዲህ ዕዳዋ እጥፍ ነው። ከምግቡ ያላገኘችውን የምትከፍለው ከራሷ ሥጋና ከፅንሱ ድርሻ ነው።

በዚህ ሁኔታ የሚወለድ ሕፃን ክብደቱ ከ2,500 ግራም በታች ሊሆን ይችላል። ትንሽ ሆኖ የተወለደ ሕፃን በተቅማጥና በሳንባ ምች በቀላሉ ይጠቃል፤ በበሽታና በምግብ እጥረት መካከል ሲመላለስም ይቀነጭራል። የቀነጨረች ሕፃን አጭር ልጃገረድ ትሆናለች፤ ሰውነቷ ዕድገቱን ሳይጨርስ ከተዳረች ደግሞ ከፅንሷ ጋር ምግብ ትሻማለች፤ ዳሌዋ ጠባብ ሆኖ በምጥ ትቸገራለች፤ የምትወልደውም እንደ እርሷ ትንሽ ይሆናል። ስለሆነም እናት፣ ሕፃንና ልጃገረድ ሦስት የተለያዩ የእርዳታ ተቀባይ ክፍሎች አይደሉም፤ አንዲት ሴት በሦስት ዕድሜዋ ናት።

ተመራማሪዎች «የመጀመሪያዎቹ 1,000 ቀናት» የሚሉት ጊዜ የሚታሰበው 270 የእርግዝና ቀናትን ከ730 ቀናት፣ ማለትም ከሁለት ዓመት ጋር በመደመር ነው። የዚህን ጊዜ ክብደት ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው በአገራችን ነው። ስቴፋን ዴርኮንና ካትሪን ፖርተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በ1977ቱ ረኃብ ጊዜ ሕፃናት የነበሩ ሰዎችን ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ያለ ቁመት መርምረዋል። ረኃቡ በጠናበት ወቅት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 36 ወር የነበሩት፣ ከእነርሱ ቀደም ብለው ከተወለዱት ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኝተዋል፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የመጨረስ ዕድላቸውም ያነሰ ሆኖ ታይቷል። እነዚህ የዳኑት ናቸው። በእኛ መዝገብ «ሕይወታቸው ተረፈ» ተብለው የተቆጠሩት ናቸው።

በዚሁ ጥናት፣ ረኃቡ በማኅፀን ሳሉ ያገኛቸው ልጆች በቁመታቸው ተመሳሳይ ጉዳት አላሳዩም። ይህ ግን እናትን ችላ ለማለት ምክንያት አይሆንም። የተለኩት በሕይወት የቆዩት ብቻ ናቸው፤ በረኃብ ጊዜ የሚጨናገፈውና በጨቅላነቱ የሚሞተው በሜትር አይለካም። ይልቁንም ልብ ልንል የሚገባን ከጡት ወደ ማዕድ የሚሸጋገረው ልጅ ከሁሉ ይበልጥ መጎዳቱን ነው። ጡት የሚጠባውን እናቱ ከራሷ ቀንሳ ትመግበዋለች፤ ማዕድ የደረሰው ግን ከትላልቆቹ ጋር እኩል መብላት አይችልም፤ ደረቅ በቆሎና ስንዴም ለሆዱ አይስማማውም።

ችግሩ ዛሬም አልተወገደም። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች መካከል የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 58 ገደማ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 38፣ በ2019 ወደ 37 ዝቅ ብለዋል። ይህ ቀላል ውጤት አይደለም። ሆኖም በ2016 በአዲስ አበባ ከመቶ 15፣ በአማራ ክልል ከመቶ 46 ነበር። በዚያው ዓመት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ከመቶ 22 የሚሆኑት ከሲታ ሆነው ሲገኙ፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ቁጥሩ ከመቶ 29 ደርሷል። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ መቀንጨርን ለማስቀረት መወሰኑም የችግሩን ክብደት ያመለክታል።

ይህን ዕውቀት ከውጭ ብቻ የተቀበልነው አይደለም። በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ኋላ የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ ሥራውም ዛሬ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥር ይካሄዳል። ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ የዚያ ጥናት ፍሬ ነው። የምግቡ ምሥጢር ከባድ አልነበረም፤ እህሉ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር ሲቀናጅ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። ስለዚህ ራሽን ሲታቀድ ከስንዴው ጋር ክክ፣ ዘይትና አልሚ ዱቄት አብረው መታሰብ አለባቸው። ስንዴ ብቻ ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም።

ሕክምናውም እንዲሁ በጥናት ተለውጧል። ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ሲመጣ በርኅራኄ ብዙ መመገብ ሊገድለው እንደሚችል ሐኪሞች ደርሰውበታል፤ ልቡም ሆነ ሌሎች የሰውነቱ ክፍሎች ድንገተኛውን ምግብ አይችሉምና። በመሆኑም በመጀመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ያለው ቀለል ያለ ወተት በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል፤ ሲበረታ ወደ ጠንካራው ይሸጋገራል። ሁለተኛው ለውጥ ይበልጥ እኛን የሚመለከት ነው። ቀደም ሲል እናት አንዱን ልጅ ይዛ ለሳምንታት በመመገቢያ ጣቢያ ስትቆይ፣ የቀሩት ልጆች በቤት ያለ ጠባቂ ይቀሩ ነበር፤ በጣቢያው መጨናነቅም በሽታ ይዛመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በደቡብ ኢትዮጵያ፣ የምግብ ፍላጎት ያላቸውንና ሌላ የከፋ ሕመም የሌለባቸውን ልጆች ቤታቸው ሆነው ማከም ተሞከረ። በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ውጤት፣ ከ170 ልጆች መካከል ከመቶ 85 ያህሉ እንደዳኑና ከመቶ 4 ያህሉ እንደሞቱ ያሳያል። ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት የሚዘጋጀው፣ ውኃ የማይጨመርበት የታሸገ ምግብ በየቤቱ ሊደርስ የቻለው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ በአገር ውስጥም ይመረታል።

ስለ ልጃገረዶች የተለየ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል፤ ከሦስቱ ይበልጥ የምትረሳው እርሷ ናትና። ሕፃን በክትባት ቀን ይታያል፤ ነፍሰ ጡር ለክትትል ትመጣለች፤ የ14 ዓመቷን ልጅ ግን የሚመዝናት የለም። አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የዘረጋችው የተማሪዎች ምገባ ብዙ ረድቷል፤ ነገር ግን የሚደርሰው በክፍል ለተገኘችው እንጂ ማገዶ ለመልቀም ለቀረችው አይደለም። በተጨማሪም በደጋ አገር አንድ የመለኪያ ጉዳይ አለ። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ቀይ የደም ሕዋስን ያበዛል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው በእንጦጦ ራስ ላይ የምትኖር ሴት የደም መጠን በቆላ መለኪያ ቢታይ፣ የደም ማነስ ሳለባት ጤነኛ ተብላ ልትመለስ ትችላለች። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያው እንደ ቦታው ከፍታ እንዲስተካከል ያዛል።

ይህ ነጥብ በቀጥታ ወደ ሠፈራ ያመራናል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በአብዛኛው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ደጋማ ቦታዎች ተነሥቶ በጋምቤላ፣ በመተከል፣ በወለጋ፣ በኢሉባቦርና በከፋ ሠፍሯል፤ ብዙ ሰውም በበሽታ አልቋል። ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ቤተሰብ መሬትና በሬ ቢሰጠው እንኳ ወባ ቀይ ደሙን ይሰብራል፤ የአንጀት ትል ብረት ማዕድን ያሟጥጣል፤ እናቲቱም ማዘጋጀቱን የማታውቀው እህል ይጠብቃታል። ቀድሞ ገብስና ባቄላ አዋሕዳ ገንፎ ታበላ የነበረችው፣ በአዲሱ ቦታ በቆሎ ብቻ ታገኛለች። የሠፈራ ዕቅድ በሄክታር ሲሰላ ይህ ኪሳራ በየትኛውም ዓምድ አይገባም።

ጥናቱ ዛሬም ቀጥሏል። በምዕራብ ጎጃምና በደቡብ ጎንደር በ12 ጤና ጣቢያዎች «እናት» በሚል ስያሜ የተካሄደው ጥናት፣ ለተጎዱ ነፍሰ ጡሮች አልሚ ዱቄት መስጠትና ኢንፌክሽንን በወቅቱ መርምሮ ማከም በሚወለዱት ሕፃናት ላይ ያለውን ለውጥ ለመመርመር የታቀደ ነው። ምግብንና በሽታን አጣምሮ መያዙ ለእኛ አርአያ ነው። የታመመ አካል የተሰጠውን ምግብ በሚገባ አይጠቀምበትምና።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በመነሣት አምስት ነገሮችን በአክብሮት አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በእርዳታ ጣቢያ ሁሉ የክንድ መለኪያ ቴፕ ይኑር። የሕፃኑ ክንድ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይላክ፤ የነፍሰ ጡሯና የምታጠባዋ ከ23 ካነሰ በተጨማሪ ምግብ መዝገብ ትግባ።

ሁለተኛ፣ ለተጎዳው ልጅ የሚሰጠው አልሚ ምግብ ከቤተሰቡ ራሽን ጋር አብሮ ይሰጥ። ራሽን በሌለበት ቤት የአንዱን ልጅ ምግብ ለሦስት የምታካፍል እናት አጥፊ አይደለችም፤ ያጎደልነው እኛ ነን።

ሦስተኛ፣ የእህል ማደያው ቦታ ይቅረብ፤ ነፍሰ ጡር 50 ኪሎ ተሸክማ ግማሽ ቀን እንድትጓዝ የሚያስገድድ እርዳታ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይወስዳል።

አራተኛ፣ ልጃገረዶች በትምህርት ቤትም ሆነ ከትምህርት ቤት ውጭ ይመዘኑ፤ የብረት ማዕድንና የፎሊክ አሲድ እንክብል ይድረሳቸው። በጾም ወቅት ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች እንዲመገቡ የሃይማኖት አባቶች ቢመክሩ ከእኛ ቃል ይልቅ የእነርሱ ይሰማል።

አምስተኛ፣ ማንኛውም የሠፈራም ሆነ የመልሶ ማቋቋም ሥራ ከመጀመሩ በፊት የእናቶችና የሕፃናት ልኬት ይመዝገብ፤ ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላም ይደገም። ቤተሰቡ መቋቋሙን የሚመሰክረው የተሰጠው ቆርቆሮ ብዛት ሳይሆን ይህ ልኬት ነው።

የተከበራችሁ ወገኖች፤

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። በሦስት ዓመቱ የቀነጨረን ልጅ በአሥር ዓመቱ በምንሰጠው ኩንታል አንመልሰውም። ዛሬ በሪፖርታችን ላይ አንድ ዓምድ ብንጨምር፣ ከዚያም በዚያ ዓምድ መሠረት ራሽን ብናስተካክል፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ የዚህን ዘመን ልጆች ሲለካ የጎደለ 5 ሴንቲ ሜትር እንዳያገኝ ማድረግ እንችላለን።