ስለ መሣሪያ ሥዕልና ስለ እንቅስቃሴው
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር



የምናገረው በኮምፒዩተር የተነደፈ መሣሪያ እንዴት እንደሚንቀሳቀስና እንዴት አምሮ ለደንበኛ እንደሚታይ ነው። ነገሩ የልጆች ጨዋታ የሚመስላቸው አይታጡም፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

በኮምፒዩተር መንደፍ የትናንት ነገር አይደለም። በ1963 እ.ኤ.አ. አይቫን ሰዘርላንድ በአሜሪካ በኤም አይ ቲ ለዶክተርነት ማዕርግ ባቀረበው ሥራ ስኬችፓድ የተባለውን ፕሮግራም አሳየ፤ በብርሃን ብዕር በመስተዋቱ ላይ መስመር ይሠመር ነበር። ዛሬ ካድ በምንለው ፕሮግራም እያንዳንዱ ክፍል በልኩ ይነደፍና ሁሉም በየቦታው ይገጣጠማል። መሐንዲስ ይህን አይቶ ይረዳዋል። ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው ግን የሚያየው የመስመር ክምር ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት የእጅ ፓምፕ የሚተክሉ አንድ ባለሙያ ለአንድ መንደር የውኃ ኮሚቴ የሚያሳዩት ፊልም እንድንሠራላቸው ጠየቁን። ፓምፑ አፍሪዴቭ ይባላል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በማላዊና በኬንያ እየተሞከረ የተሻሻለ ሲሆን በአገራችንም ገጠር በብዙ ጕድጓድ ላይ ይገኛል። ንድፉም ለማንም የተፈቀደ ነው። እጀታው ወደ ታች ሲጫን በቧንቧው ውስጥ ያለው ፒስተን ይነሣል፤ የታችኛው ቫልቭ ይከፈትና ውኃ ይገባል፤ እጀታው ሲነሣ ፒስተኑ ይወርዳል፤ የታችኛው ይዘጋና የፒስተኑ ቫልቭ ይከፈታል። የዚህ ፓምፕ ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ፒስተኑም ሆነ የታችኛው ቫልቭ ሲበላሽ ቧንቧው ሳይነቀል በቧንቧው ውስጥ ተስቦ መውጣቱ ነው።

ክፍሎቹን በፍሪካድ ነድፈን ወደ ብሌንደር አሻገርናቸው፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። በመሻገሩ ጊዜ ለስላሳው ክብ ወደ ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይለወጣል፤ ሦስት ማዕዘኖቹ ቢያንሱ ቧንቧው ባለ ብዙ ማዕዘን ይመስላል፤ ቢበዙ ኮምፒዩተሩ ይደክማል። የብረቱንም ጠርዝ ሁሉ በጥቂቱ ማለዘብ ያስፈልጋል፤ በእውነተኛ ብረት ላይ ብርሃን የሚያርፈው በዚያ ጠርዝ ላይ ነውና። ይህን ካላደረጉ ሥዕሉ ወረቀት መስሎ ይቀራል።

አንድ ሴኮንድ ፊልም 24 ሥዕል ይፈልጋል። የእኛ ፊልም 40 ሴኮንድ ስለ ነበረ 960 ሥዕል ሆነ፤ ለአንዱም አንድ ደቂቃ ተኩል ስለሚፈጅ ኮምፒዩተሩ ሌሊቱንም ቀኑንም 24 ሰዓት መሥራት ነበረበት። ፊልሙን በአንድ ፋይል እንዲያስቀምጥ አዘን ስለ ነበር ሌሊት መብራት ሲጠፋ የተሠራው ሁሉ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ሥዕል ለብቻው ማስቀመጥ ተማርን፤ መብራት ቢጠፋም ከቆመበት ይቀጥላል።

ፊልሙ ሲያልቅ እጅግ አምሮ ነበር። ዘንጉ፥ ፒስተኑና የታችኛው ቫልቭ ከቧንቧው ውስጥ እያበሩ በራሳቸው ይወጡና በአየር ላይ ይደረደራሉ። ለኮሚቴው ባሳየን ጊዜ ሁሉም አጨበጨቡ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን፥ «ልጄ፥ ያን የታችኛውን ማን ጎትቶ አወጣው?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። የታችኛው ቫልቭ የሚወጣው በዘንጎቹ ጫፍ ላይ በሚታሰር መንጠቆ ነው፤ እኔ ግን መንጠቆው ውበቱን ያበላሻል ብዬ ትቼው ነበር። እኚህ እናት የቀድሞው ፓምፓቸው ሲበላሽ የሚያወጣው ሰው ጠፍቶ ወንዝ ሲወርዱ መክረማቸውን ነገሩን። እርሳቸው ሊያዩ የመጡት እኔ የሸሸግሁትን ነበር።

ተመልሰን ሌላ ፊልም ጀመርን። መንጠቆውን ነድፌ በቧንቧው ውስጥ ሳወርደው በፊልሙ ያለ ችግር ወረደ። መምህራችን ግን በካድ ላይ መልሰን እንድንለካ አዘዙን፤ ብንለካው እኔ የነደፍሁት መንጠቆ ከሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት በ2 ሚሊ ሜትር ይበልጣል! ለፊልም ብቻ የተሰናዳው ሥዕል ካልታዘዘ በቀር ብረት በብረት ውስጥ ሲያልፍ አይከለክልም፤ ተመልካችም አያውቅም። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አዲሱ ፊልም 110 ሴኮንድ ሆነ፤ ማለት 2,640 ሥዕል። ዘንጎቹ አንድ በአንድ ሲፈቱ፥ ሁለት ሰዎች ሲስቡ፥ መንጠቆው ሲወርድና ሲይዝ ያሳያል። የፊተኛውን ያህል አያበራም፤ አንዳንድ ጓደኞቼም ያኛው ይሻል ነበር ይሉኛል።

ለሁለተኛ ጊዜ ስናሳይ እኚያ እናት ፊልሙ እንዲቆም እያደረጉ ዘንጎቹን በጣታቸው ቈጠሩ፤ ጕድጓዱ 30 ሜትር፥ አንዱ ዘንግ 3 ሜትር ስለ ሆነ አሥር ናቸው። ቀጥለውም «ይከብዳል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ክብደት በፊልም አይታይም። ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ዘንግ ወደ ሁለት ኪሎ ግራም እንደሚመዝን አስልቼ ነገርኋቸው፤ እርሳቸው ግን እንደ ሐዋርያው ቶማስ ሳይዳስሱ የሚያምኑ አልነበሩም። ባለሙያው ከመኪናቸው አንድ ዘንግ አውጥተው ሰጡአቸው። በሁለት እጃቸው አነሡት፤ ከዚያም ለጎረቤታቸው አቀበሉ።