ለሞዴል ሥራ የሚረዳ መጽሐፍ ስለ መፈለግ
(ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



የዛሬውን ርእስ የሰጠኝ የገዛ ራሴ ስሕተት ነው። ባለፈው መንፈቅ ዓመት የዶርዜን ቤት በ1:20 ስኬል አሳንሼ እንድሠራ ታዝዤ ነበር። ቤቱን ታውቁታላችሁ፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚያወጣውን ዳገት የወጣ ሁሉ አይቶታል። ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጠልፎ የሚሠራ፣ ፊቱ የዝሆን ራስ የሚመስል ረጅም ቤት ነው።

እንግዲህ መጽሐፍ ፍለጋ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ዞርኩ። ካርቶን እንዴት እንደሚቆረጥና ኮላ እንዴት እንደሚቀባ የሚያስተምሩት ብዙዎች ናቸው፤ አንዱን ያነበበ ሁሉንም እንዳነበበ ይቆጠራል። የሚያዙት እንጨት በገበያችን ስለማይገኝ እኔ በስንደዶና በተሰነጠቀ ቀርከሃ ሠራሁ፤ አልተጎዳሁም። እ.ኤ.አ. በ1936 መጀመሪያ የታተመው የጀርመናዊው የኤርንስት ኖይፈርት መጽሐፍ የወንበርን፣ የደረጃንና የበርን ልክ ስለሚሰጥ ይጠቅማል፤ ጎንበስ ተብሎ ስለሚገባበት በር ግን እሱን መጠየቅ ከንቱ ነው። የአገር ጎብኚዎች የፎቶግራፍ መጻሕፍት ደግሞ ቤቱን የሚያሳዩት ከፊት ለፊት ብቻ ነው፤ ጀርባ ያለው አይመስልም። ሊቃውንቱም አልረዱኝም። ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር ስለ ዶርዜ፣ የአገሩ ልጅ ማርክ አቤሌስ ስለ ኦቾሎ ጽፈዋል፤ ዋና ጉዳያቸው ግን የሕዝቡ እምነትና ሸንጎ እንጂ የግድግዳ ልክ አይደለም።

ለሞዴል ሠሪ የሚሆን መጽሐፍ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ስለ አክሱም የተጻፈውን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጡት ጀርመኖች ሥራቸውን በ1913 በርሊን ላይ በአራት ጥራዝ አሳትመዋል። አርክቴክቱ ዳንኤል ክሬንከር ሐውልቶቹንና የጥንቱን ቤተ መንግሥት መሠረት ለክቶ ሥሏል። እዚያ ውስጥ ለእኛ ዋጋ ያለው ከፎቶግራፉ ይልቅ ተለክቶ የተሣለው ፕላንና ሴክሽን ነው።

ከሥዕሉ ግርጌ በሜትር የተከፋፈለች መስመር መኖሯን አስቀድሞ ማየት ያሻል። ይኸን የምለው ስለ ተቃጠልኩ ነው። ከአንድ ጓደኛዬ ያገኘሁት የፕላን ቅጂ «1:50» የሚል ተጽፎበት ነበርና ስኬል ማስመሪያዬን አስጠግቼ ልኩን ሁሉ ወሰድኩ። ለካስ ወረቀቱ ከኤ3 ወደ ኤ4 ተቀንሶ የተባዛ ኖሯል! እንዲህ ሲሆን 1:50 የነበረው ወደ 1:70 ገደማ ይለወጣል፤ 12 ሜትር የሆነ ቤት በ24 ሳንቲ ሜትር ፈንታ 17 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይገኛል። ጽሕፈቱ ግን አይለወጥም። መስመሯ ብትኖር ኖሮ ከሥዕሉ ጋር አብራ ስለምታጥር አታሳስትም ነበር።

የባሰው ስሕተት የመጣው በቁመቱ ነው። አንዱ ጽሑፍ ቤቱ 12 ሜትር ይደርሳል ሲል ሌላው ከዚያ እጅግ አሳንሶ ይናገራል። እኔም ጸሐፊዎቹን ተሳድቤ፣ ይሻላል ብዬ 6 ሜትር አልኩና መላውን ቤት በእኩሌታ ቀነስኩት። ሞዴሉ አምሮ ወጣ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ቤት በዓለም ላይ የለም።

ይኸን ያወቅሁት ዶርዜ ወጥቼ ክር ይዤ አንድ አሮጌ ቤት ስዞር ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። አባባ ለምን አጠረ ብዬ ብጠይቃቸው፣ በልጅ ልጃቸው አስተርጓሚነት ነገሩን አስረዱኝ፤ ምስጥ ግርጌውን ይበላል፣ የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም ዝቅ ይላል። ቤቱ ስልሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ሲቆም ዕድሜው የሚታየው በማጠሩ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የተለያየ ቁመት የጻፉት ሁሉ ሳይዋሹ ቀርተው ይሆናል፤ አንዱ አዲሱን፣ ሌላው አሮጌውን አይቷል። እኔ ግን ከታች መቁረጥ ሲገባኝ ሁሉንም አሳንሼ፣ አሮጌ ቤት በመሥራት ፈንታ የሕፃን ቤት ሠራሁ። ቤቱ የተለካበትን ዓመትና የቤቱን ዕድሜ የማይነግር መጽሐፍ፣ ቁጥሩ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ለዚህ ሥራ አይበቃም።

የሽማግሌው ልጅ ከጎኑ በቆርቆሮ ሠርቷል፤ አይፈረድበትም። አሮጌው ቤት ግን በየጊዜው ከግርጌው እየተቆረጠ ነው። ስለዚህ የለካሁባቸውን ሁለት ወረቀቶች፣ በግርጌያቸው መስመሯን ሥዬ፣ የተለካበትን ወርና ዓመተ ምሕረት፣ ባለቤቱም የነገሩኝን የቤቱን ዕድሜ ጽፌ ለማኅበራችን ጸሐፊ ሰጥቻለሁ። ሌሎቻችሁም የለካችሁትን ወደዚያው አቃፊ ብታስገቡ የሚቀጥለው ተማሪ ባዶ መደርደሪያ አያገኝም። ከእኔ የጎደለው የጣራው ውስጥ ነው። ጨለማ ነበር፤ የስልኬም ባትሪ አልቆ ነበር። በቅርቡ ወደ ላይ የሚወጣ ካለ የእጅ መብራት ይዞ ሄዶ ሦስተኛውን ወረቀት እንዲሞላልኝ እለምናለሁ፤ የቤቱን መንገድ እኔ አሳየዋለሁ።