የትል ኪኒን በሚሰጥበት ቀን

ዛሬ የምንነግራችሁ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለልጆች ስለሚታደለው የትል መድኃኒት ነው። ዕደላው አገር አቀፍ ሆኖ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

አንዳንድ እናቶች በዚያ ቀን ልጁን ቁርስ ከልክለው ይልኩታል። ለምን ቢባሉ፣ «መድኃኒት አይደለም እንዴ? ኮሶ የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ኮሶ እንደዚያ ነው፤ የጠጣነው ሁሉ ምሬቱን አንረሳውም። የትምህርት ቤቱ ኪኒን ግን ሌላ ነው። ይልቁንም ለቢልሃርዝያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ባዶ ሆድ ሲያገኝ ያጥወለውላል፤ ያስታውካል፤ ሆድ ይቆርጣል። ልጁ ራሱን አዙሮት ጥላ ሥር ሲቀመጥ ያየ ጎረቤት «ልጆቹን መረዟቸው!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ወዲያ ማን ልጁን ይልካል?

ስለዚህ ቂጣም ይሁን ያደረ እንጀራ፣ አብልታችሁ ላኳቸው።

የፕራዚኳንቴሉ ብዛት የሚወሰነው በቁመት ስለ ሆነ፣ ልጁን ምልክት ካለበት ዘንግ አጠገብ ቢያቆሙት አትደንግጡ። ለወስፋት የሚሰጠው አልቤንዳዞል ግን ለትልቁም ለትንሹም ተማሪ አንድ ባለ 400 ሚሊግራም ኪኒን ነው። በማግስቱ ወስፋት ከሰገራ ጋር ቢወጣ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካላችሁ ኪኒኑን ከመዋጡ በፊት ለጤና ሠራተኛው ንገሩ፤ አትፈሩ። ትኩሳት የያዘውም ያን ቀን አይዋጥ፤ ሲሻለው ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት።