ሌባ የሚያስነሣውና የማያስነሣው
(ከቢቸናና ከሞጣ ለመጡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ቀድሞ የመኪና ሌባ ሽቦ ከሽቦ አገናኝቶ ሞተር ያስነሣ ነበር። ዛሬ በብዙ መኪኖች ይህ ዘዴ አይሠራም። በቁልፉ ራስ ውስጥ ባትሪ የማያስፈልጋት ትንሽ ቺፕ አለች። ቁልፉ ሲገባ በማስነሻው ዙሪያ ያለው የሽቦ ጥቅል ኀይል ይሰጣታል፤ እርሷም ምስጢራዊ ቁጥሯን ትልካለች። ቁጥሩ ካልተስማማ የሞተሩ ኮምፒዩተር ነዳጅና እሳት ይከለክላል።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን መሣሪያ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዳዲስ አውቶሞቢሎች ላይ በሕግ አስገደደ። በአሜሪካ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ ስላልነበረ ብዙ የኪያና የሃዩንዳይ መኪኖች ያለ መሣሪያው ተሸጡ፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህም ሌቦች እነዚህኑ እየመረጡ ሰረቁ።

እንግዲህ ሌባ የሚሄደው መከላከያ ወደሌለው ነው። በሞጣና በቢቸና ጎዳናዎች መከላከያ የሌለው ማን ነው? ባጃጁ ነው። ብዙው ባጃጅ ተራ ቁልፍ እንጂ ቺፕ የለውም፤ ነገር ግን የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ ምናልባትም ዕዳው ገና ተከፍሎ አላለቀም።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ ለባለባጃጆች ሁለት ነገር እንንገር። አንደኛ፣ የሞተሩን እሳት የሚቆርጥ ማጥፊያ በስውር ቦታ ያስገጥሙ፤ ሥራውን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ ማጥፊያው ሞተሩን እንጂ ጎማውን አያስርምና፣ ተገፍቶ ወይም ተጭኖ እንዳይወሰድ ማታ ጎማውን በሰንሰለት ከምሰሶ ጋር ይሰሩ።

የአዲስ መኪና ባለቤት ፋብሪካው አስቦለታል። ለባለባጃጁ የሚያስብለት ከእኛ ከልጆቹ በቀር ማን አለ?