መጽሐፍ ለማሳተም የተነሣን እህቶች ምን እንወቅ?

(በሎጊያ በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከመካከላችን መጽሐፍ ጽፈው የጨረሱ እህቶች አሉ። ጥያቄያቸውም «ከቁጠባችን ተበድረን እናሳትመው ወይ?» የሚል ነው። የሒሳቡን መዝገብ የምንይዝ እኛ የምንመክረው፣ አስቀድመን ወጪውን የሚሸከም አሳታሚ እንድንፈልግ ነው።

አታሚና አሳታሚ አንድ አይደሉም። እንደ ብርሃንና ሰላም ያለ ማተሚያ ቤት ዋጋውን ተቀብሎ ያትማል፤ መጽሐፉ ባይሸጥ ኪሳራው የእኛ ነው። አሳታሚ ግን ረቂቁን መርጦና አርሞ በራሱ ወጪ ያወጣዋል፤ ለደራሲዋም ከሽያጩ ድርሻ ይከፍላል። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ይህን ይሠራ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ደራስያን በራሳቸው ገንዘብ ያሳትማሉ። «አሳታሚ ነኝ» ብሎ ከእኛ ገንዘብ የሚጠይቅ ከመጣ፣ ዋጋውን ከማተሚያ ቤት ዋጋ ጋር እናስተያይ።

ረቂቁን ከመላካችን በፊት አስተይበን ለሌላ ሰው እናስነብበው። ሠመራ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው፤ ቋንቋ የሚያውቅ አንባቢ አይጠፋም። አሳታሚው ከዚህ በፊት ምን ዓይነት መጻሕፍት እንዳወጣም እንይ፤ የተረት መጽሐፍ ለማያወጣ ተረት መላክ ድካም ነው። አንድ ገጽ ማጠቃለያና የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንላክ፤ ዋናው ደብተር ግን ከእጃችን አይውጣ።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በዐዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኗና ከሞቷ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ በአንድ ክፍያ ሁሉን መብት አሳልፎ መስጠት የልጆችን ውርስ መሸጥ ነው። ስንት ቅጂ፣ ለስንት ዓመት፣ ወደ አፋርኛ ቢተረጎም ድርሻው የማን እንደሆነ ይጻፍ።

«10 በመቶ» ሲባልም «ከምኑ?» ብለን እንጠይቅ። ለምሳሌ 300 ብር የሚሸጥ መጽሐፍ 1,000 ቅጂ ቢሸጥ፣ ከሽፋን ዋጋ 10 በመቶ 30,000 ብር ነው። አከፋፋዩ 40 በመቶ ከወሰደ በኋላ ከቀረው ከተሰላ ግን 18,000 ብር ብቻ ይሆናል። በአንዲት ቃል 12,000 ብር ጠፋ ማለት ነው።

አሳታሚ ባይገኝስ? ያን ጊዜም ለኅትመት ከመበደራችን በፊት እናስላ፤ መጽሐፍ ለሻጭ በአደራ ተሰጥቶ ቀስ እያለ ይሸጣል፣ የብድሩ ክፍያ ግን በየወሩ ይደርሳል። ውል የቀረበላት እህት ሳትፈርም ወደ ቢሮአችን ታምጣው፤ አብረን እናነበዋለን።