ሰማይ የተቃጠለበት ሲኒማ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የመረጥነው ነገር ሲኒማ መሆኑን ስትሰሙ ፈገግ ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሲኒማ ክፍላችንን ለሁለት ከፍሎ ብዙ ቀን ስላከራከረን፥ እንደ ዋዛ አላለፍነውም።

ፊልሙ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ኧርዊን አለን ያዘጋጀው «ጉዞ ወደ ባሕር ወለል» ነው። አድሚራል ኔልሰን የተባለ ሊቅ «ሲቪው» የተባለች ሰርጓጅ መርከብ ሠርቶ ከሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር ሲሞክራት፥ ከላይ ሰማዩ ይነዳል። መሬትን የከበበው የቫን አለን መቀነት እሳት ይዞት ምድር እየጋለች ትሄዳለች። አድሚራሉም «በማሪያና ደሴቶች አጠገብ ሆኜ የአቶም ሮኬት ብተኩስ እሳቱ ይጠፋል» ይላል። በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የተሰበሰቡት ሊቃውንት ግን እሳቱ በራሱ ይጠፋል ብለው አይቀበሉትም። እርሱም ጥሏቸው ይሄዳል። ፕሬዚዳንቱን ለመጠየቅ ከባሕር ሥር የተዘረጋውን የስልክ ገመድ ቢጠልፍም፥ ከአገሩ መልስ አያገኝም። በመርከቡም ውስጥ አንዱ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነውና አትንኩት» ይላል፤ አንዲት ሐኪም ሥራውን በስውር ታበላሻለች። በመጨረሻ ሮኬቱ ይተኮሳል፤ እሳቱም ይጠፋል።

ግማሾቻችን «ያወቀ ሰው የብዙዎችን ጩኸት መስማት የለበትም» አልን። ግማሾቻችንም «ፍጻሜው ያማረው ደራሲው ስለ ፈቀደ ነው» ብለን መለስን። መምህራችን «በጩኸት አይሆንም፤ መርምሩት» ስላሉን ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን።

መጀመሪያ ያገኘነው አሳቀን። በፊልሙ የበረዶ ቋጥኝ እንደ ድንጋይ ይሰምጣል፤ በረዶ ግን ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። በ1958 የታወቀው የቫን አለን መቀነትም በመሬት ማግኔታዊ ኃይል የተያዙ ኤሌክትሮኖችና ፕሮቶኖች እንጂ የሚነድ ጋዝ አይደለም፤ እሳት የሚያቀጣጥል ኦክስጅንም በዚያ የለም።

ሁለተኛው ግን ሣቃችንን አቋረጠው። ፊልሙ ከታየ ከአንድ ዓመት በኋላ፥ በ1962፥ አሜሪካ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ «ስታርፊሽ ፕራይም» የተባለውን 1.4 ሜጋቶን ቦምብ በእርግጥ አፈነዳች። ቦምቡ ጨረርን አላጠፋም፤ አዲስ የጨረር መቀነት ጨመረ እንጂ። በሩቅ ሃዋይ የመንገድ መብራቶች ጠፉ፤ ሳተላይቶችም ተበላሹ። በ1963 አሜሪካ፥ ሶቪየት ኅብረትና እንግሊዝ በአየር፥ በጠፈርና በባሕር ሥር እንዲህ ያለ ሙከራ ላለማድረግ ተፈራረሙ።

ያን ጊዜ ክርክራችን መልኩን ለወጠ። ብዙዎች ስለ ተናገሩት እውነት የሚሆን ነገር የለም፤ አንድ ደፋር ስለ ተናገረውም አይሆንም። ቁም ነገሩ ስሌቱን ለሌላው ማሳየት፥ ሲሳሳቱም መመለስ ነው። የተተኮሰ ሮኬት ግን አይመለስም። ዳሩ ግን አንድ ጓደኛችን «ጊዜ ባይኖርስ?» ብሎ የጠየቀውን እስከ ዛሬ በሚገባ አልመለስንለትም፤ ይህንንም ሳንደብቅ እንናገራለን።

ይህን የምናነሣው በቅርቡ ከዚህ ግቢ ስለምንወጣ ነው። ወላጆቻችንና ታናናሾቻችን «ተምረዋል» ብለው ቃላችንን ሳይመረምሩ ይቀበሉናል። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የተባለው በእኛ እንዳይደርስ እንፈራለን። ስለዚህ እናንተ ታናናሾቻችን፥ ከእኛ አንዱ አድሚራል ሆኖ ቢመጣባችሁ፥ በአክብሮት «ስሌትህን አሳየን» በሉት። ይህን መጠየቅ ያስተማረን ይህ ትምህርት ቤት ነውና፥ ዕድሜው ይርዘም።