ሒሳብ ለማስጠናት የሚገባው ዋጋ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ትንሽ መስሎ የሚታይ፤ ነገር ግን የብዙዎቻችንን ኪስና ኅሊና የሚነካ ነው። ይኸውም በየሰው ቤት እየሄድን ሒሳብ ስናስጠና ልንጠይቅ የሚገባን ዋጋ ነው።

አስጠኚ ፈላጊ የበዛበት ምክንያት የታወቀ ነው። በ2015 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ። ይህን የሰማ ወላጅ ይጨነቃል፤ የተጨነቀ ሰውም በዋጋ አይከራከርም። ታዲያ በጭንቀቱ ልንነግድበት ይገባናልን? አይገባንም። በአንጻሩም ከመካከላችን አንዱ ሥራው እንዳያመልጠው ፈርቶ ከጓደኛው ዋጋ በታች ሲዋዋል፤ ሌላውም ከእሱ በታች ሲወርድ፤ በመጨረሻ ሁላችንም የታክሲ ሒሳብ ብቻ ይዘን እንመለሳለን።

ስለዚህ ነገሩን በሒሳብ እንየው። ለአንድ ሰዓት ጥናት 200 ብር ተዋዋልን እንበል። ለመሄጃና ለመመለሻ አንድ ሰዓት፤ ጥያቄ ለማዘጋጀት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ለታክሲ 40 ብር ብናወጣ የሚተርፈን 160 ብር ነው። ይህ ለሁለት ሰዓት ተኩል ሲካፈል በሰዓት 64 ብር ይሆናል። ወላጅ የሚያየው 200ውን ነው፤ እኛ የምናገኘው 64ቱን ነው። ሁለቱም ወገን ስሌቱን አስቀድሞ ቢያውቅ ቅሬታው በቀነሰ ነበር።

ለመሆኑ 200 ብር የማይችል ወላጅስ? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አራት የጎረቤት ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ተሰብስበው እያንዳንዳቸው 70 ብር ቢከፍሉ አስጠኚው 280 ብር ያገኛል፤ የወላጅም ሸክም ይቀላል። ከዚያ በላይ ሲበዙ ግን የእያንዳንዱን ልጅ ደብተር ማየት ስለሚያስቸግር፤ የክፍሉ መጨናነቅ ወደ ቤት ተዛወረ ማለት ነው።

«ዋጋን ገበያው ይወስነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ነገር ግን ጤፍ የሚገዛ ሰው እህሉን ዘግኖ አይቶ ይገዛል፤ የጥናት ጥቅም የሚታወቀው ገንዘቡ ከተከፈለ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ገዢው ዕቃውን በማያይበት ገበያ ሻጩ ራሱን መግዛት አለበት።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፤ ማኅበራችን በየመንፈቀ ዓመቱ መነሻ ዋጋ አውጥቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፍ፤ የታክሲ ታሪፍ ሲጨምርም ይታረም። ሁለተኛ፤ የ9ኛ ክፍል ሒሳብና የ12ኛ ክፍል ካልኩለስ የሚጠይቁት ዝግጅት እኩል ስላልሆነ ዋጋቸውም ይለያይ። ሦስተኛ፤ የምንሸጠው ጊዜያችንንና ድካማችንን እንጂ ማርክ ስላልሆነ፤ ማንም «አሳልፈዋለሁ» ብሎ አይዋዋል፤ የልጁንም የቤት ሥራ ሠርቶ አይስጥ። አራተኛ፤ ነገ ብዙዎቻችን መምህራን ስለምንሆን፤ በክፍላችን የምናስተምረውን ልጅ በገንዘብ እንዳናስጠና ከዛሬ ጀምሮ እንስማማ። በክፍል የተጓደለ ትምህርት በቤት የሚሸጥ ከሆነ የድሃው ልጅ ከሁለቱም ይቀራልና።

ክቡራን መምህሮቻችን ሐሳባችንን እንዲያርሙልን፤ ጓደኞቻችንም በመጪው ስብሰባ ድምፅ እንዲሰጡበት በትሕትና እንጠይቃለን።